የአያ ሽባባው ጆሮ

የአያ ሽባባውን ሞት የነገረኝ አንድ ባለጋሪ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ የምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ በር ላይ የሚያነክስ የጋሪ ፈረስ ይዞ መጣ። እኔ ጎንበስ ብዬ ሰኮናውን ሳገላብጥ፣ «የቡሬው አያ ሽባባው ቢኖሩ ይኸን ጊዜ ሳይነኩት ይነግሩኝ ነበር» አለ። ቀና ብዬ፣ የት ሄደው ነው ቢኖሩ የምትለው አልኩት። ሰውየው ደነገጠ። መርዶ ነጋሪ መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አልሰማሽም እንዴ፣ አርባቸው እኮ የፊታችን ቅዳሜ ነው አለኝ። የፈረሱን እግር እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። በመጨረሻ ፈረሱ ራሱ ሰልችቶት እግሩን ነጠቀኝ።

አላለቀስኩም። ለማልቀስም ፊት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ለአያ ሽባባው የማለቅስበት ፊት የለኝም። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ግን መጀመሪያ ሰውየውን እወቋቸው።

አያ ሽባባው የፈረስ ዳኛ ነበሩ። እንጀራቸው እርሻ ነው፤ በቆሎና በርበሬ ያመርታሉ። ከቡሬ እስከ ሽንዲ ስማቸው የሚነሳው ግን በእርሻቸው አልነበረም። በእሳቸው ደብር ጥር ጊዮርጊስ ታቦቱ ከገባ በኋላ ፈረሰኛው ሜዳ ይወርዳል። ከመውረዱ በፊት እያንዳንዱ ፈረስ በአያ ሽባባው ፊት በእርምጃ ያልፋል። ቃጭሉ፣ ጌጡ፣ የሚንሿሿው ሁሉ ይወልቃል። እሳቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ ዘንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ፈረሱ ደህና ከሆነ «ይለፍ» ይላሉ፤ ካልሆነ «ይረፍ»። ይረፍ የተባለ ፈረስ ባለቤቱ ደጃዝማች እንኳ ቢሆን ልጓሙን ይዞ ወደ ቤቱ ነው።

ለምን ዓይንዎን ይጨፍናሉ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ዓይን ጉቦ ይበላል» አሉኝ። ያማረ የኮርቻ ግላስ ያያል፣ የሚያብለጨልጭ ልጓም ያያል፣ የሚያውቀውን ሰው ያያል፤ ጆሮ ግን እግር ብቻ ነው የሚሰማ።

የተዋወቅነው ቡሬ ገበያ ነው። ገና ከኮሌጅ ወጥቼ መመደቤ ነበር፤ ነጭ ጋወን ለብሼ ገበያ መሃል የምዞር፣ ራሴን እንደ ትልቅ ሐኪም የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። አንድ ገበሬ ፈረሴ ያነክሳል አለኝ። አስሄድኩት፤ ጭንቅላቱን በቀኝ እግሩ ላይ ጣል ጣል ያደርጋል። ቀኙ ነው አልኩና ቀኙን አንስቼ መጎርጎር ጀመርኩ። «ሐኪም፣ ግራው ነው» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ዘወር ስል አንድ ረጅም ጠይም ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በርበሬያቸውን ያስመዝናሉ። ፈረሱን አላዩትም፤ ለማየትም አልዞሩም።

ወይ ጉድ፣ ተናደድኩ። አባባ እርስዎ ሳያዩት በምን አወቁ አልኳቸው፣ ቁጣ ቢጤ ቀላቅዬ። ሲመጣ ሰምቼዋለሁ አሉ፤ ቀኙን ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል፣ ግራውን ይሰርቃል። አንቺን ያሳሳተሽ ጭንቅላቱ ነው፤ ፈረስ ጭንቅላቱን የሚጥለው በደህናው እግር ላይ ነው፣ የታመመውንማ ይሸሸዋል። ግራውን ሳነሳው ሹል ጠጠር ሰኮናው ውስጥ ተሰንቅሯል። የገበያው ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሚዛኑ ላይ ዓይናቸውን እንደተከሉ፣ ለጥር ጊዮርጊስ ከሰው ሁሉ ቀድመሽ ነይና ከጎኔ ቁሚ አሉኝ።

ስድስት ዓመት ከጎናቸው ቆምኩ። ኮሌጅ ያላስተማረኝን በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ አስተማሩኝ። እርምጃ አራት ምት ነው፤ ሶምሶማ ሁለት፤ ደንገላሳ ሦስት። ስግሪያ ደግሞ እንደ እርምጃ አራት ሆኖ ይፈጥናል፤ ጥሩ ሰጋር ላይ የተቀመጠ ሰው ጠላ የሞላ ዋንጫ ቢይዝ ጠብ አይልበትም። ሽምጥ ላይስ ምን ልስማ ስላቸው፣ ሽምጥ ላይ መስማት ቀርቶ መጸለይ ነው አሉኝ። ባለቤታቸው እትዬ ውባለም ይህን የጣት ነገር አይወዱትም ነበር። ቅዳሴ ላይ ሳይቀር መቋሚያውን ይቀጠቅጥልኛል፣ ቄሱ አንድ ቀን ከበሮ ሊሰጡት ነው እያሉ ይስቁባቸዋል። አያ ሽባባው ፈገግ ይላሉ።

ዳኝነታቸው በፈረሱ አያበቃም። የሚጋልበውንም ይዳኙታል። ያን ጊዜ ዓይናቸውን ይገልጣሉ። ልጓም የሚነጭ፣ አለንጋ የሚያበዛ፣ የፈረሱን እንከን ለመሸፈን ግርግር መሃል የሚሸጎጥ ጋላቢ ከእሳቸው አያመልጥም። ጥሩ ጋላቢ ሰፋ አድርጎ ዞሮ ፈረሱን በሁለቱም ጎን ያሳያል፣ ለሌላው መንገድ ይለቃል፣ ሲጨርስ ወርዶ የኮርቻውን ጠፍር ያላላና ፈረሱን እየሳበ ያቀዘቅዘዋል። አንድ ዓመት አንድ ነጋዴ ከሁሉ የሚያምር ፈረስ ይዞ መጥቶ፣ ከፊቱ ያለውን ሁሉ እየደፈጠጠ ቀደመ። አያ ሽባባው ሽልማቱን፣ አዲስ ጋቢ ነው፣ አንድ ከሲታ ፈረስ ለያዘ የሽንዲ ገበሬ ሰጡት። ነጋዴው ሰው ሁሉ እየሰማ የእኔ ፈረስ አልቀደመም ወይ ብሎ ጮኸባቸው።

«ፈረስህ ቀድሟል» አሉት፣ ረጋ ብለው። «አንተ ግን ኋላ ቀርተሃል።»

ፈረስ አይዋሽም፣ የሚዋሽ ባለፈረሱ ነው ይሉ ነበር።

እንግዲህ ወደማይቀረው ልምጣ። ምንይችል የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ በእጄ ነው ያደገው። አርሶ፣ ሸቅሎ፣ አንድ ቆንጆ ዳማ ፈረስ ገዝቶ ነበር። ከአያ ሽባባው ጎን በቆምኩ በስድስተኛው ዓመት ሽማግሌ ልኮ የአንዲት ልጅ አባት እስቲ ልየው ብለው ይዘውታል። ሰውየው የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው፤ የሚያዩትም ጥር ጊዮርጊስ ሜዳው ላይ ነው። ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ምንይችል ዳማውን እየሳበ ክሊኒክ መጣ። የግራ ፊት እግሩ ጅማት አብጧል፤ ስነካው እሳት ነው። አንድ ወር እረፍት ያስፈልገዋል አልኩት። ልጁ አልተከራከረኝም። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «እታለም፣ ዘንድሮ ካልወጣሁ ልጅቷን ለሌላ ይሰጧታል» አለኝ።

የበዓሉ ዕለት ጧት ዳማውን የሕመም ማስታገሻ ወጋሁት። አዎ፣ እኔ። መጋለብ የለም፣ እርምጃና ስግሪያ ብቻ አሳይተህ ትወጣለህ አልኩት፤ በጊዮርጊስ ማለልኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ልጨርሰው፤ በልቤ አያ ሽባባው ይይዙታል ብዬ ነበር። ለወንድሜ እምቢ ማለት አቅቶኝ እምቢታውን ለእሳቸው ተውኩት። እሳቸው ይረፍ ይላሉ፣ እኔም ክፉ አልሆን፣ እሱም ዕድሌ ነው ብሎ ይገባል ብዬ አሰብኩ። ስድስት ዓመት ከጎናቸው ቆሜ፣ መርፌ ህመሙን ሲደብቅ የኮቴውንም ድምፅ አብሮ እንደሚደብቅ ልቤ እያወቀ ማለት ነው።

ተራው ደረሰና ዳማው በፊታችን አለፈ። የአያ ሽባባው ጣት ጉልበታቸው ላይ አራት መታ፣ አራት መታ፣ ቆመ። «እንደገና» አሉ። የትኛውንም ፈረስ ሁለቴ አስሄደው አያውቁም። ሁለተኛ አለፈ። ዓይናቸውን ገለጡ፤ የተመለከቱት ግን ፈረሱን አይደለም፣ እኔን ነው።

«ሐኪም፣ ምን ይሰማሻል?»

«ደህና ነው» አልኩ።

«ይለፍ» አሉ።

ወንድሜ መጀመሪያ እንደማለልኝ ነበር። ስግሪያውን ሲያሳይ የልጅቷ አባት በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ፈረሰኛው ሁሉ በአንድ ላይ ለሽምጥ ተነሳ። ምንይችል ራሱን መግዛት አቃተው። ልጅነቱ ነው፣ እልልታው ነው፣ ምን ልበል፤ ለቀቀው። ሜዳው መሃል ሲደርሱ የዳማው ግራ እግር ከዳ። አጥንቱ ሲሰበር ያለንበት ድረስ ተሰማን። ወንድሜ ትከሻው ተሰብሮ ተረፈ። ዳማው አልተነሳም፤ አንድ ሚሊሻ በጥይት ከሥቃዩ አሳረፈው።

አያ ሽባባው ከሁሉ ቀድመው ሮጠው ደርሰው ነበር። ተንበርክከው የተሰበረውን እግር ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ሲነሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ዘንጋቸውን በሽማግሌዎቹ እግር ሥር አስቀመጡና፣ «ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ፈረሱ አልዋሸም፣ የደነቆረው የእኔ ጆሮ ነው። ከእንግዲህ ሰው ልጁን በእኔ ቃል ፈረስ ላይ አያስቀምጥ» አሉ። ሰው ለመናቸው፤ አንድ ቀን የማይሳሳት የለም አሏቸው። አልሰሙም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ መርፌ ተወግቶ ነው ብል ያን ጊዜ ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆኑ። የራሳቸውን ባዝራ ሸጧት። በዓል ሲሆን ቅዳሴ አስቀድሰው ሜዳው ሳይሞላ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የፈረስ ኮቴ ከሩቅ ከሰሙ ተነስተው ጓዳ ይሄዳሉ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መምታቱን ተወ። እትዬ ውባለም ያሾፉበት የነበረውን ነገር ምነው በቀጠቀጠልኝ እያሉ ማልቀስ ጀመሩ።

ልናገር ሦስት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ እንግዳ ነበረባቸው፤ ሁለተኛው ጊዜ ወባ ይዟቸው ተኝተዋል። ሰበብ የሚፈልግ ሰው ሰበብ አያጣም። ወንድሜ አለ፤ የልጅቷ አባት ከነስብራቱ አዝነውለት ልጃቸውን ሰጥተውታል፣ ጉዱ ከወጣ ምን ይሉታል እላለሁ። ሥራዬ አለ፤ ያን ማድረጌ ከታወቀ ከሥራ እባረራለሁ እላለሁ። በሦስተኛው ብቻቸውን በርበሬ ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። አፌን ከመክፈቴ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ሐኪም፣ ያን ቀን ከጎኔ ነበርሽ። ግራውን አልሰማሽውም?»

«አልሰማሁም» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል፣ የሚሰማ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለው እውነት ግን ከውሸት ይከፋል።

ከበርበሬው መሃል አረም እየነቀሉ ነበር፤ እጃቸው ላይ ያለውን አረም እያገላበጡ አዩት። «እንግዲያው አንቺንም ያበላሸሁሽ እኔ ነኝ» አሉኝ። «የማይሰማ ሰው ነው ያስተማረሽ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ይቅርታ ጠየቁኝ። እሳቸው፣ እኔን። ምድር አልዋጠችኝም። ቡናማ ጭቃ ጫማዬ ላይ እንደተለጠፈ ተመልሼ ሄድኩ፤ በሚቀጥለው ወር ወደ ፍኖተ ሰላም ልዛወር ብዬ አመለከትኩ። ምክንያት ለሚለው ቦታ የቤተሰብ ጉዳይ ብዬ ጻፍኩ።

ባለጋሪው መርዶውን በነገረኝ በማግሥቱ ለምንይችል ደወልኩለት። አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። ልናገር ነው አልኩት። ከሞቱ ወዲያ ምን ይፈይድላቸዋል እታለም አለኝ። ምንም አልኩት። ምንም አይፈይድላቸውም።

ቅዳሜ ሄድኩ። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ዳሱ ውስጥ ይበላል። እትዬ ውባለም በጥቁር ልብሳቸው ውስጥ አንሰው ልጅ አክለዋል። መጣሽ ሆዴ ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ፤ እሱ እንዴት ይወድሽ ነበር እያሉ አለቀሱ። እጃቸውን ይዤ ጓዳ ወሰድኳቸውና የእህል ጆንያ ላይ አስቀምጬ፣ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ነገርኳቸው። የመርፌውን፣ የጧቱን፣ ደህና ነው ያልኩትን፣ የበርበሬ ማሳውን፣ ሁሉንም። ይረግሙኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልረገሙኝም። እጃቸውን ግን ከእጄ አወጡ።

«ይህን ለእኔ ብቻ አትንገሪኝ» አሉኝ ኋላ። «ያኔ እሱ ጆሮዬ ደነቆረ ሲል የሰማው ሰው ሁሉ ውጭ ተቀምጧል።»

ወጥቼ ተናገርኩ። አንዳንዱን ሁለቴ እየደገምኩ። የሚበላው እጁን ሰበሰበ። ያኔ ሜዳው ላይ ዘንጉን የተቀበሉት ሽማግሌ ተነስተው ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ አንድ ወጣት ጋላቢ መሬት ላይ ተፋ። የደብሩ ቄስ እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ፣ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ምን ይበሉኝ? ሰኞ ለመሥሪያ ቤቴም በጽሑፍ አሳወቅሁ፤ ውሳኔውን እየጠበቅሁ ነው። ምንይችል ስልኬን ማንሳት ትቷል።

ያን ቅዳሜ ግን እትዬ ውባለም እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። እንዳይመጡ ለምኛቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አጠገቤ ተራመዱ። አስፋልቱ ዳር አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«አምና እዚህ ይቀመጥ ነበር» አሉኝ። ከፈረስ ኮቴ ሲሸሹ የኖሩት ሰው አምና፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ በየቀኑ እየመጡ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው መቀመጥ ጀምረው ነበር። የጋሪ ፈረስ በኋላቸው ባለፈ ቁጥር ይሄ ቀኙን አሞታል፣ ይሄ ጫማው ላልቷል ይላሉ። እትዬ ውባለም ያያሉ።

«አንድ ቀን አልተሳሳተም። አንድም ቀን። ልክ ነህ እለዋለሁ፣ አንቺ ልታጽናኚኝ ነው ይለኛል። ሐኪሟ መጥታ አይታ ልክ ነዎት ካለችኝ አምናለሁ፣ ዘንጌንም እቀበላለሁ ይል ነበር። በየሚኒባሱ ይፈልግሽ ነበር።»

ድንጋይዋን በእጃቸው ጠረጉ።

«ስትቀሪበት ጊዜ፣ አልጋ ከያዘ ወዲያ፣ እኔው ዋሸሁት» አሉኝ። «ምን ላድርግ፣ መንገድ ተዘግቶባት ነው አልኩት። እሱም አመነኝ፣ መንገዱ ሲከፈት ትመጣለች እያለ ነው የሞተው።»

ሚኒባስ መጣና ገባሁ። መንገዱ የተዘጋው ዘንድሮ ነው፣ ሁለት ወር ያህል። አምና ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነበር፤ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ደግሞ አንድ ሰዓት አይሞላም።